«እርጅና ነው» ያልነው በሽታ፦ የድዳችን ታሪክ

መስቀል ፍላወር ላይ፣ ጠዋት ቡና ከምጠጣበት ካፌ እስከ ታክሲ መያዣው ድረስ ያሉትን የጥርስ ክሊኒክ ማስታወቂያዎች መቁጠር ልማድ ሆኖብኛል። ሁሉም ላይ ያው ሥዕል ነው፤ የምትስቅ ሴት፣ ከወረቀት የነጣ ጥርስ። ድዷ በከንፈሯ ተሸፍኗል። ማንም ድድ አይቶ ወደ ክሊኒክ አይገባም መሰለኝ።

እኔም አልገባሁም። ሁለት ዓመት ሙሉ ጥርሴን ስቦርሽ ደም ይወጣ ነበር። መታጠቢያው ላይ ሮዝ ሆኖ የሚወርደውን ውሃ አይቼ ቧንቧውን ጠበቅ አድርጌ ከፍቼ አሳልፈዋለሁ። አንድ ቀን ለእናቴ ስነግራት፣ «ደም ካየሽ አትነካኪው፤ ድድሽ ስስ ነው፣ እንደ አያትሽ» አለችኝ። ምክሯን ሰማሁ። ደም የሚወጣበትን ቦታ እየዘለልኩ መቦረሽ ጀመርኩ።

አያቴ ስትሞት አፏ ውስጥ የቀሩት ሦስት ጥርሶች ነበሩ። ቆሎ በሙቀጫ ተወቅጦ ይቀርብላት ነበር። ለምን እንደረገፉ ጠይቄ አላውቅም። አርጅታ ነበር፤ ያረጀ ሰው ጥርሱ ይረግፋል፤ በቃ።

በመጨረሻ ክሊኒክ የገባሁት ለሌላ ጉዳይ ነበር፤ የተሰበረ ጥርስ ላስሞላ። ሐኪሟ ግን የተሰበረውን ከማየቷ በፊት ጫፉ ላይ መስመር መስመር ያለው ቀጭን ዘንግ አነሳችና በድዴና በጥርሴ መሀል ቀስ ብላ እያስገባች ቁጥር ትጠራ ጀመር። ረዳቷ ትጽፋለች። ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት። ሦስት፣ አምስት፣ አራት። ለእያንዳንዱ ጥርስ ስድስት ቁጥር።

«ምንድን ነው የምትቆጥሪው?» አልኳት፣ አፌ ሲፈታ።

«ድድሽ ጥርስሽን የት ላይ እንደለቀቀው» አለችኝ።

ይሄ ጽሑፍ የተጀመረው ያኔ ነው። የድድ በሽታ ምንድን ነው ብዬ ማንበብ ስጀምር፣ የራሳችን ታሪክ ውስጥ ገብቼ ቀረሁ።

*

ከሩቁ እንጀምር። ከታችኛው ኦሞ ሸለቆ የተገኘ፣ ወደ 1.8 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያለው የጥንት ሰው ዘር ጥርስ አለ። በጥርሶቹ መሀል፣ ከድድ መስመር አጠገብ፣ የተፋቀ ቦይ ይታይበታል። ተመራማሪዎች በስንጥር ደጋግሞ የመጎርጎር ምልክት ነው ይላሉ። ከሆነ፣ ጥርሱ መሀል የገባ ነገር ያስጨነቀው የመጀመሪያው የምናውቀው ፍጡር የእኛ አገር ሰው ነው። ዛሬ ጥሬ ሥጋ በልተን «ስቴኪኒ አለ?» ብለን አስተናጋጅ ስንጠራ ያንኑ እያደረግን ነው። ቃሉን ከጣልያኖች ወሰድነው እንጂ ሥራው የቆየ ነው።

ከስንጥሩ ቀጥሎ መፋቂያ አለ። ደጋው ላይ ልምጭ፣ ወይራ፣ ክትክታ፤ ቆላው ላይ ደግሞ ሙስሊሙ ሲዋክ የሚለው የበረሃ ዛፍ። የአንዱን ጫፍ አኝከህ እንደ ቡርሽ ታፍታታዋለህ፣ ከዚያ መንገድ እየሄድክም፣ ከብት እየጠበቅክም፣ ፀሐይ እየሞቅክም ትፍቃለህ። የመፋቂያ ትልቁ ጥቅም እንጨቱ ብቻ አይደለም፤ ጊዜው ነው። እኛ በቡርሽ አንድ ደቂቃ ሳይሞላን እንጨርሳለን። አያቶቻችን ግማሽ ሰዓት አፋቸው ውስጥ ይዘውት ይውሉ ነበር።

ደግሞ ይሄ የናፍቆት ወሬ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 በኦልሰን ስም የታተመ ጥናት በኢትዮጵያ ተማሪ ቤቶች ውስጥ መፋቂያንና የጥርስ ቡርሽን አወዳድሮ ነበር። ውጤቱ መፋቂያው ጥርስ ላይ የሚከማቸውን ቆሻሻ በማስወገድ ከቡርሹ እንደማያንስ አሳየ። ስለዚህ «ድሮ ምንም አልነበረንም» የሚለው ወሬ ልክ አይደለም። ነበረን። የመፋቂያ ችግሩ ሌላ ነው፤ ከፊት ያሉትን ጥርሶች ያብለጨልጫል እንጂ በምላስ በኩል ያለውን ጎንና የኋላ መንጋጋዎችን በቀላሉ አያገኝም። በጎን በኩል ወደፊትና ወደኋላ አጥብቀው ከገዘገዙበት ደግሞ ድዱን እያሸሸ ሥሩን ያጋልጣል። የድድ በሽታ የሚጀምረው ደግሞ በአብዛኛው ማንም በማያየው ቦታ፣ በሁለት ጥርሶች መሀል ነው።

*

ድድን ግን ረስተነው አናውቅም። እንዲያውም ከብዙ ሕዝቦች የበለጠ አይተነዋል። የሰሜኑ አገር ሴት ልጅ ድዷን ትነቀስ ነበር፤ በመርፌ ወይም በእሾህ እየተወጋ ጥላሸት ይገባበትና ድዱ ወደ ሰማያዊ ያደላ ጥቁር ይሆናል። ጥርሱ በዚያ ጥቁረት ላይ እንደ ወተት ይታያል። ሕመሙ ቀላል አልነበረም። ለውበት ነው የሚሉ አሉ፤ ለድድ ሕመምም ይበጃል የሚሉ ነበሩ። ንቅሳቱ ግን ከበሽታ አያድንም። አንድ ሌላ ነገር ግን ያደርጋል፤ ጤነኛ ድድ ሲታመም መቅላቱ ነው የመጀመሪያው ምልክት፣ የተነቀሰ ድድ ላይ ግን ቅላቱ አይታይም።

ድድን እንደ ጠላት ያየንበት ጊዜም አለ። ሕፃን ተቅማጥና ትኩሳት ሲይዘው፣ ያበጠው ድድ ውስጥ «ግግ» አለ ይባልና ገና ያልወጣው የወተት ጥርስ በስለት ተፈልፍሎ ይወጣል። ነጩን የጥርስ እንቡጥ ያየ ሰው ትል አወጣሁ ብሎ ያምናል። ሕፃኑ የሚሞተው ግን በተቅማጡ፣ በደም መፍሰሱ ወይም ባልታጠበው ስለት በገባው ኢንፌክሽን ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ የወተት ጥርስ መንቀልን ከጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች መካከል በስሙ ጠርቶ አስቀምጦታል። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይደረግ እንደነበር የሚያውቅ ሰው ከቤተሰባችሁ አታጡም።

ትሉ የእኛ ብቻ አልነበረም። ጥርስን የሚበላ ትል አለ የሚለው እምነት ከባቢሎን እስከ አውሮፓ ሁሉም ጋ ነበር። እኛ ጋ የእምቧይ ፍሬ ፍም ላይ ተደርጎ ጭሱ ወደ አፍ ይሳባል፤ ትሉ እንዲወድቅ። እ.ኤ.አ. በ1728 ፈረንሳዊው ፒየር ፎሻር ስለ ጥርስ ሕክምና ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ትሉን በማጉያ መነጽር ፈልጎ እንዳጣው ጻፈ።

እውነተኛውን «ትል» ያየው ሰው ግን ቀድሞት ነበር፤ ሐኪምም አልነበረም።

*

እ.ኤ.አ. መስከረም 1683 ነው። ጎንደር ላይ ቀዳማዊ ኢያሱ፣ አድያም ሰገድ፣ ከነገሡ ገና አንድ ዓመት አልፏል። በዚያው ወር ዴልፍት በምትባል የሆላንድ ከተማ የሚኖር አንቶኒ ፋን ሌቨንሁክ የሚባል የጨርቅ ነጋዴ ለለንደኑ የሳይንስ ማኅበር ደብዳቤ ጻፈ። ሰውዬው ጥርሱን በየጠዋቱ በጨው ያሻል፣ በስንጥርም ይጎረጉራል። እንዲያም ሆኖ መንጋጋዎቹ መሀል እንደ ሊጥ ያለ ነጭ ነገር አገኘ። ራሱ በሠራው ማጉያ ሲያየው ነገሩ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ዕድሜውን ሙሉ አፉን አጽድቶ የማያውቅ ሽማግሌ ፈልጎ የእሱንም አየ፤ የባሰ። አንድ ሰው አፍ ውስጥ ያሉት ነፍሳት ከአገሩ ሕዝብ ቁጥር እንደሚበልጡ ገምቶ ጻፈ።

ባክቴሪያ በሰው ዓይን ከታየባቸው የመጀመሪያዎቹ ጊዜያት አንዱ ይሄ ነው፤ የታየውም በጥርስ ቆሻሻ ውስጥ ነው። ግን ማንም ከበሽታ ጋር አላያያዘውም። ከ16 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1699፣ ሻርል ፖንሴ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ንጉሥ ኢያሱን ከቆዳ ሕመማቸው ሊያክም ጎንደር ደረሰ። ፖንሴም ቢሆን በዚያ ዘመን ስለ ድድ ከጎንደር አዋቂዎች የተሻለ የሚያውቀው ነገር ነበር ለማለት ይቸግራል። በዚህ ጉዳይ አውሮፓም እኛም እኩል ጨለማ ውስጥ ነበርን።

ጨለማው ቀስ በቀስ የገፈፈው አሜሪካ ውስጥ ነው። ሐርትፎርድ የሚባል ከተማ ውስጥ ጆን ሪግስ የሚባል የጥርስ ሐኪም ነበር። ሪግስ እ.ኤ.አ. በ1844 የባልደረባውን የሆራስ ዌልስን ጥርስ በማደንዘዣ ጋዝ ነቅሎ በሕክምና ታሪክ ውስጥ ስሙ ገብቷል። እኔን የገረመኝ ግን ከዚያ በኋላ የሠራው ነው። ሕመም አልባ ነቀላን ካስጀመሩት አንዱ የሆነው ሰው ዕድሜውን «አትንቀሉ» እያለ ኖረ። በዚያ ዘመን የሚወዛወዝ ጥርስ መነቀል ነበረበት። ሪግስ ግን ከድዱ ሥር ገብቶ ሥሩ ላይ የደረቀውን ድንጋይ መሰል ነገር ፍቆ ሲያወጣ ድዱ ሲያገግም፣ ጥርሱም ሲጠነክር አየ። በሽታው ለረጅም ጊዜ «የሪግስ በሽታ» ተብሎ ይጠራ ነበር።

እኛ ጋ ዘመናዊ ሕክምና የገባው በዚሁ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። ከአድዋ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1896 የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች መጡ፤ ሥራቸው ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል አደገ። ጥርስ ግን ከቁስል፣ ከፈንጣጣና ከወባ ኋላ ተሰለፈ። ለአብዛኛው ሰው ለብዙ አሥርት ዓመታት የጥርስ ሕክምና ማለት ጉጠት ነበር። ሲያምህ ትሄዳለህ፣ ይነቀላል፣ ትመለሳለህ። የድድ በሽታ ደግሞ ክፋቱ አያምም። ስለዚህ ማንም አይሄድም።

*

እ.ኤ.አ. በ1958 አንድ የአሜሪካ መንግሥት የሥነ ምግብ ኮሚቴ ከኢትዮጵያ ጋር ሆኖ የሕዝቡን አመጋገብና ጤና የሚፈትሽ ቅኝት አካሄደ። አፍም ታይቷል። የጥርሱ ውጤት እ.ኤ.አ. በ1963 ታተመ። ሊትልተን የጻፈው ይሄ ዘገባ ሁለት ነገር ጎን ለጎን ያስቀምጣል። የተቦረቦረ ጥርስ ጥቂት ነበር። ስኳር ገና በየቤቱ አልገባም፤ ከረሜላና ለስላሳ የከተማ ነገር ነበሩ። የድድ በሽታ ግን በብዛት ነበር።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ከሩቅ ለሚያይ ሰው የዚያ ዘመን ኢትዮጵያዊ ፈገግታ እንከን የለውም። ነጭ፣ ያልተበላ። «የሐበሻ ጥርስ» እያልን የምንኮራበት ማለት ነው። ጥርሱ ግን ከታች የቆመበትን መሬት እያጣ ነበር። ቤቱ ደህና ነው፣ መሠረቱን ውሃ እየበላው ነው። አያቴ ያኔ ወጣት ነበረች።

ኮሚቴው በተለያዩ አገሮች ያደረጋቸውን ቅኝቶች አንድ ላይ ያዩ የጥርስ ተመራማሪዎች የድድ በሽታን ልዩነት በዋናነት የሚያብራሩት ሁለት ነገሮች መሆናቸውን ጻፉ፦ ዕድሜና የአፍ ንጽሕና። እዚህ ጋ «ያው እርጅና ነው» የሚል ሰው ትክክል የሆነ ይመስላል። ግን ዕድሜ በሽታውን ያመጣዋል ወይስ በሽታው ጊዜ ይፈልጋል? ልዩነቱ ትልቅ ነው።

የመጀመሪያው መልስ ከዴንማርክ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1965 ሐራልድ ሎ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ 12 ጤነኛ ሰዎች፣ አብዛኞቹ የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች፣ ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ አደረጉ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ሁሉም ድዳቸው ተቆጣ። ከዚያ ማጽዳት እንዲጀምሩ ተደረገ። በአንድ ሳምንት አካባቢ ዳኑ። ወጣት ናቸው፣ ጤነኛ ናቸው፣ በሦስት ሳምንት ድዳቸው ደማ። እርጅና የት አለ?

ሁለተኛው መልስ ከስሪላንካ ነው። ሎ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 1985 የ480 ሻይ ለቃሚ ወንዶችን አፍ ተከታተሉ። ሰዎቹ ቡርሽ አያውቁም፣ የጥርስ ሐኪምም አያውቁም። ሁሉም አፋቸው ውስጥ ክምችቱ አለ፣ የሁሉም ድድ ይደማል። ግን 8 በመቶው በሽታው በፍጥነት ገሰገሰባቸው፤ ወደ 45 ዓመት ሲጠጉ ጥርሳቸውን ከሞላ ጎደል ጨርሰው ነበር። 81 በመቶው በመጠኑ። የቀሩት 11 በመቶ ድዳቸው ከመቆጣት አላለፈም። ዕድሜያቸው ያው፣ ሥራቸው ያው፣ አለማጽዳታቸው ያው። የአንዱ አጥንት ይሟሟል፣ የሌላው አይነካም።

ይሄ ማለት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ጥርስ በማርጀት ብቻ አይረግፍም። ሁለተኛ፣ አንዳንድ ሰው ከሌላው ይልቅ የተጋለጠ ነው፤ ተጋላጭነቱም በከፊል ከቤተሰብ ይወረሳል። «ድድሽ እንደ አያትሽ ነው» ያለችው እናቴ በከፊል ልክ ነበረች። ስህተቷ መደምደሚያዋ ላይ ነው። እንደ አያቴ ከሆንኩ አለመነካካት ሳይሆን ከሌላው ሰው ይበልጥ ማጽዳት ነበረብኝ።

*

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ ልንገራችሁ። ጥርስ ላይ በየሰዓቱ የሚለጠፍ ስስ፣ የሚያሟልጭ ሽፋን አለ፤ ፕላክ ይባላል፤ ሌቨንሁክ ያየው ነው። ካልተጠረገ ድዱ ይቆጣል፤ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲነካ ይደማል። እስከዚህ ድረስ ያለው ሙሉ በሙሉ ይድናል። ሽፋኑ ከቆየ ከምራቅ ውስጥ ማዕድን እየወሰደ ይደርቃል፤ ቡርሽ የማያነሳው ድንጋይ ይሆናል። ቀጥሎ ድዱ ከጥርሱ እየለቀቀ ኪስ ይፈጥራል። ጤነኛ ኪስ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው። 4 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ቡርሽ ወደማይደርስበት ጉድጓድ ገባን ማለት ነው። እዚያ ታች ሰውነት ከባክቴሪያው ጋር ሲዋጋ የራሱን አጥንት ያጠፋል። የጠፋው አጥንት በራሱ አይመለስም። ማቆም ግን ይቻላል።

ሲጋራ ይሄን ሁሉ ያባብሳል፤ ደግሞ ይደብቃል፤ የሚያጨስ ሰው ድድ የሚደማው ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ጤነኛ ይመስለዋል። ስኳር በሽታ ያለበት ሰው ድዱ ቶሎ ይጎዳል፤ የተጎዳው ድድ ደግሞ ተመልሶ ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። እርጉዝ ሴት በሆርሞን ለውጥ ድዷ በቀላሉ ይደማል፤ በእርግዝና ጊዜ መታየትና መታጠብ ችግር የለውም።

«ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያላላል» የሚል ወሬ ሳትሰሙ አትቀሩም። እኔም ሰምቼ ነው ስሸሽ የኖርኩት። ወሬው ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል። ድንጋዩ በጥርሶች መሀል ያለውን ክፍተት ሞልቶ፣ እንደ ሲሚንቶ አያይዟቸው ይቆያል። ሲወጣ ክፍተቱ ይታያል፣ ያበጠው ድድ ይሟሽሻል፣ ጥርሱ ለጥቂት ቀን ቀዝቃዛ ነገር ይጠላል። ሰውየው «እጥበቱ አበላሸኝ» ይላል። አጥንቱ ግን የጠፋው ከዚያ በፊት ነው፤ እጥበቱ ያሳየው ብቻ ነው።

*

ድድ የሚደማው በቆሻሻ ብቻ እንዳልሆነም ታሪካችን ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሶማሊያና ሱዳን ውስጥ በነበሩ ካምፖች የተጠለሉ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች መሀል ስከርቪ ተቀሰቀሰ። የመርከበኞች በሽታ ብለን በመጽሐፍ የምናውቀው ነው። ለወራት የሚታደለው ራሽን ውስጥ ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ አልነበረም፤ ቫይታሚን ሲ ጠፋ። ድድ አበጠ፣ ደማ፣ እግር መራመድ አቃተው። መድኃኒቱ በገበያ ላይ ያለ ብርቱካን፣ ሎሚ፣ ቃሪያ ነበር። የጎደለው ገበያው ራሱ ነው።

ከሁሉም የሚከፋው ኖማ ነው። በአብዛኛው ከ2 እስከ 6 ዓመት ያሉ፣ በረሃብ የተጎዱ፣ ብዙ ጊዜ ኩፍኝ ያለፈባቸውን ልጆች ይይዛል። የሚጀምረው ድድ ላይ በሚወጣ ቁስል ነው። በቀናት ውስጥ ጉንጭን በልቶ አጥንት ላይ ይደርሳል። ካልታከመ ከሚይዛቸው ልጆች ወደ 90 በመቶው ይሞታሉ። የተረፉት ፊታቸው ተበልቶ፣ ከሰው ተደብቀው ያድጋሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተደረሰበት ግን በተለመደ አንቲባዮቲክ፣ በአፍ ንጽሕናና በምግብ ይቆማል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከኖማ የተረፉ ሰዎች ለዓመታት ተደብቀው ከኖሩበት ገጠር እየተፈለጉ መጥተዋል፤ ፌሲንግ አፍሪካ የተባለ የብሪታኒያ በጎ አድራጎት ድርጅት ቀዶ ሐኪሞችን አዲስ አበባ ድረስ እያመጣ ፊታቸውን ሲያስጠግን ቆይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ኖማን ችላ ከተባሉ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች መዝገብ ያስገባው ገና እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ነው። ድሆች ልጆች ድድ ላይ የሚጀምር በሽታ ስለሆነ ለመታወቅ እንኳ ተራ ጠበቀ።

*

እንግዲህ መቼ ነው የሚኬደው? ለሐኪሟ ይሄን ጥያቄ ሳቀርብላት የመለሰችልኝን ካነበብኩት ጋር አስተያይቼ ላካፍላችሁ።

ስትቦርሹ ደም ካያችሁ አትሽሹ። ለስላሳ ቡርሽ ይዛችሁ፣ በቀን ሁለቴ፣ ሁለት ደቂቃ፣ የድዱን መስመር ጨምራችሁ ቦርሹ። በጥርሶች መሀል ደግሞ በክር ወይም በትንሿ የመሀል ቡርሽ። በሁለት ሳምንት መድማቱ ከቆመ፣ እንደ ዴንማርኮቹ ተማሪዎች ናችሁ። ካልቆመ ወደ ማንኛውም የጥርስ ሐኪም ሂዱ፤ ድንጋዩን እናንተ አታወጡትም።

ወደ ድድ ስፔሻሊስት የሚያስኬደው ከዚህ ያለፈው ነው፦ ድዱ ሸሽቶ ጥርሱ የረዘመ ሲመስል፣ ድሮ ያልነበረ ክፍተት ሲከፈት፣ ጥርስ ሲነቃነቅ ወይም ቦታውን ሲቀይር፣ ድድ ሲጫኑት መግል ሲወጣ፣ ከታጠባችሁ በኋላም ኪሱ ጥልቅ ሆኖ ሲቀር፣ ወይም ገና በሃያዎቹ ዕድሜ አጥንት ሲጠፋ። ስኳር ካለባችሁ፣ ወይም እናት አባታችሁ ጥርሳቸውን በጊዜ ካጡ፣ ቀደም ብላችሁ ታዩ። «ይነቀል» ከተባላችሁና ጥርሱ ያልተቦረቦረ ከሆነ፣ ከመነቀሉ በፊት ሁለተኛ ሐኪም መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ቀጠሮ የማይጠብቀው ደግሞ ይሄ ነው፦ እብጠቱ ወደ አገጭ ሥር ወይም ወደ ዓይን ከወጣ፣ ትኩሳት ካለ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል። የተዳከመ ሕፃን ድዱ ላይ የሚሸት ቁስል ከታየም እንዲሁ።

ቤት ውስጥ ያለውን ነገር አልንቅም። ለብ ያለ የጨው ውሃ ያስታግሳል፣ ቅርንፉድ ያደነዝዛል። ነጭ ሽንኩርት ድድ ላይ አስሮ ማደር ግን ያቃጥላል፤ ቁስሉ ላይ ቁስል ነው የሚጨምረው። ከእነዚህ አንዱም ከድድ ሥር ያለውን ድንጋይ አያወጣም።

*

የእኔ ቁጥሮች ከሁለት እጥበትና ከስድስት ወር በኋላ ወደ ሦስት ወረዱ፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ አራት ቀርቷል። ያኔ ነው እናቴን ይዣት የሄድኩት። «እኔ ምንም አያመኝም» እያለች ከመስቀል ፍላወር ታክሲ መያዣ እስከ ክሊኒኩ ደረጃ ድረስ ተከራከረችኝ።

ወንበሩ ላይ ስትጋደም እጇን ያዝኩ። ሐኪሟ ዘንጓን አንስታ መቁጠር ጀመረች። ሦስት፣ አራት፣ አምስት። አምስት፣ ሰባት፣ ስድስት። ረዳቷ ትጽፋለች። እናቴ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ መንገድ ላይ ነግሬያት ስለነበር፣ ሰባት ሲባል እጄን ጠበቅ አደረገችው።

ሲያልቅ ሐኪሟ አስረዳቻት። አንዱ መንጋጋ አይተርፍም። የቀሩት ግን፣ በሦስት በአራት ወር እየመጡ ከታጠቡና ቤት ውስጥ ከተጸዱ፣ አብረዋት ይቆያሉ። እናቴ አፏን ተጉመጥምጣ ትንሽ ዝም አለች።

«እናቴም ይሄው ነበር ማለት ነው ያመማት?» አለች።

ሐኪሟ አያቴን አይታት አታውቅም። «ሳይሆን አይቀርም፣ እማማ» አለቻት።

«እኛ እኮ እርጅና ነው ብለን ቆሎ ስንወቅጥላት ኖርን» አለች እናቴ። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ረዳቷ ዞረችና የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ እንደሆነ ጠየቀች።